የአንድ ኬሻ ዕርቅ

በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ደብረ ኤልያስ ላይ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ጥሎ መሬቱ እንደ ቡሆ ተነፍቶ አደረ፤ በሬው ቀንበሩን፣ ገበሬው ሞፈሩን አዘጋጅቶ ጠበቀ፤ የጠፋው ማዳበሪያ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ከባሕር ማዶ ሩስያና ዩክሬን የሚባሉ አገሮች በጦርነት ተያይዘው፣ ማዳበሪያ የጫነ መርከብ እንደ ልቡ መሄድ ትቶ፣ ዋጋውም ሰማይ ወጥቶ ነበር። የደብረ ኤልያስ ሰው ዩክሬን በየት በኩል እንዳለች አያውቅም፤ ከዚያ ሰኔ ወዲህ ግን እንደ ጎረቤት ያማት ጀመር።

በገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን ደጅ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። እንዳለ የሚባለው የማኅበሩ ጸሐፊ በረንዳው ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስሙኝማ! የመጣው ለሁሉ አይደርስም። ማሳችሁ የሚዋሰን ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ ኬሻ ትወስዳላችሁ። ሁለቱም ካልፈረሙ አይወጣም።» ስም ይጠራ ጀመር፤ ሲጠራ ሲጠራ ቆይቶ፣ «ወይዘሮ ሥራነሽ ቢያዝንና ውበቱ አማረ!» አለ።

የሰልፉ ሰው ሁሉ ወደ ሁለቱ ዞረ። ከዚያ አይናዲስ፣ ያቺ ወሬ የማያመልጣት ጠላ ሻጭ፣ ከት ብላ ሳቀች።

«ቄስ ጠርተህ አጋባቸዋ፣ እንዳለ!»

ሥራነሽ ባሏ የሞተባት የስድሳ ዓመት ሴት ናት። በእሷና በውበቱ ማሳ መካከል አንድ ጥማድ መሬት አለ፤ እሷም የአባቴ ነው ትላለች፣ እሱም የአባቴ ነው ይላል። ከሰባት ዓመት በፊት በእርሻ ወቅት በዱላ ተማትተው ውበቱ የልጇን የይታያልን ክንድ ሰበረ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ጥማድ ማንም ሳያርሳት ሙጃ ወረሳት፤ ሁለቱ ቤቶችም ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም።

«ከዚች ሴትዮ ጋር አንድ ኬሻ? ከጅብ ጋር ብትጽፈኝ ይሻለኝ ነበር!» አለ ውበቱ።

«ጅቡም አንተን ሲያይ ስሙን ያሰርዝ ነበር፤» አለች ሥራነሽ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ይታያል ግን አልሳቀም። ቤት እንደገቡ ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ ይወለውል ጀመር።

«እማዬ፣ ማዳበሪያ ከሌለ እህል የሚገኘው ሰፋ አድርጎ በመዝራት ነው። ያቺን ጥማድ ሰኞ አርሳታለሁ። የመጣ ይምጣ።»

የሚመጣው ማን እንደሆነ ሥራነሽ ታውቃለች፤ የውበቱ ወንድም አበባው ጥይት መግዛቱን አይናዲስ አስቀድማ ነግራታለች። «ልጄን ቀብሬ ስንዴ ልብላ?» እያለች ወጣች፤ እግሯም ሳታስበው ወደዚያች ጥማድ ወሰዳት። በንዴት አንድ ጭብጥ ሙጃ ስትነቅል፣ ከሥሩ ጋር አፈሩ ተዘርግፎ ወጣ፤ ጥቁር፣ ርጥብ፣ ትሉ የሚርመሰመስበት። አሸተተችው። አባቷ ማዳበሪያ የሚባል ነገር ሳይመጣ በፊት መሬቱን አንድ ዓመት ጦም አሳድሮ በዓመቱ ሲዘራበት ጎተራው ይሞላ ነበር። ይቺ ሰባት ዓመት ጦም አድራለች! የዘንድሮ ገበሬ ያለ ኬሻ ገለባም አይገኝም ብሎ አምኖ ይኼን ሁሉ ረስቶታል። ሥራነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ብቻዋን ሳቀች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከዲማ የመጡት መሪጌታ ገዳሙ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ሳሉ፣ ሁለቱን ቤቶች አስጠርታ ፊታቸው ቆመች።

«መሪጌታ፣ እኔ ደከመኝ፤» አለች ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር። «ኬሻውን ሙሉውን ውበቱ ይውሰደው፤ እኔ ልፈርምለት። በማሳዬ ማዳበሪያ የማይሻ ባቄላ እዘራለሁ። ለኔ ያቺ ሙጃ የበላት ጥማድ ትተውልኝ።»

ውበቱ ዓይኑ ፈጠጠ። «ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ከነኬሻው?»

«ከነኬሻው። የተሰፋበትን ክር ጨምረህ ውሰድ።»

«መሪጌታ፣ ሐሳቧን ሳትለውጥ ያስምሉልኝ!» አለ ውበቱ እየተጣደፈ።

«አንተም ትምላለህ፤ ወንድምህም ልጇም ይምላሉ፤ ወሰኑም ላይ ድንጋይ ይተከላል፤» አሉ መሪጌታ ሥራነሽን በጎን እያዩ፤ እሳቸውም የገበሬ ልጅ ናቸውና ሳይገባቸው አልቀረም፤ ግን ምሥጢሯን አላወጡባትም።

ይታያል «አበባውን ሳም» ሲባል ወደ እናቱ ጆሮ ተጠጋ። «እማዬ፣ ሸጥሽኝ።»

«ገዛሁህ። ዝም ብለህ ሳም።»

ውበቱ አህያዪቱ ባዶዋን እየተከተለችው ኬሻውን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ከተማውን አቋረጠ፤ ላገኘው ሁሉ «በሙጃ ማዳበሪያ ገዛሁ!» ይል ነበር። ሥራነሽም ሰምታ፣ «አዎ፣ በላኝ፤» እያለች አለፈች።

ይታያል ጥማዷን አራት ጊዜ ገልብጦ ስንዴ ዘራባት። መስከረም ላይ ቡቃያው ከአረንጓዴነት አልፎ ወደ ጥቁር ሄደ፤ ኅዳር ላይ ዛላው ደረት ደርሶ በራሱ ክብደት ጎነበሰ። የውበቱም ስንዴ ኬሻውን ሙሉ ጠጥቶ አምሮ ነበር፤ ያቺን ጥማድ ግን አያክልም። መጥቶ ወሰኑ ላይ ቆመ።

«እትዬ ሥራነሽ፣» አላት፣ በሰባት ዓመት የመጀመሪያው ነው፤ «ምን አደረግሽበት?»

«እኔማ ምን አደረግሁ። አንተ ነህ ሰባት ዓመት ጦም ያሳደርክልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ይታያል ማጭዱን ጨብጦ ጠበቀ። ውበቱ ፊቱ ደም ለበሰ፤ ከንፈሩን ነከሰ፤ ከዚያ ሳቁ አምልጦት የወሰኑ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ።

«አይ አንቺ ሴትዮ! እኔ እኮ ያታለልኩሽ መስሎኝ ሰኔን ሙሉ እንቅልፍ ጥሞኝ ከረመ!»

በማግስቱ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ደቦ ወጡ፤ ይታያልና አበባው ጎን ለጎን ሲያጭዱ አይናዲስ እልልታዋን አቀለጠችው።

ያን ዓመት የጻፉ ሰዎች የታገተውን መርከብ፣ የተዘጋውን ወደብ፣ በሐምሌ ደግሞ እህሉ ይለፍ ብለው የተፈራረሙትን መንግሥታት ጻፉ፤ መጻፍም ነበረባቸው፤ በዚያ ጦርነት የስንት እናት ልጅ አልቋል። ታሪክ የተተኮሰውን ይመዘግባል እንጂ ያልተተኮሰውን አያውቀውም። ይታያል ግን በሕይወት አለ፤ በዓመቱ በጥር ሲሞሸር ከሚዜዎቹ ሁሉ ቀድሞ የጨፈረለት የውበቱ ወንድም አበባው ነበር።