ገመዱን የቆረጠው ቢላዋ

በሌምባታ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ፣ ጀልባዎች ዳስ ተሠርቶላቸው አሸዋው ላይ በሚሰለፉበት መንደራችን፣ የማማ ቤኔን ቤት የማያውቅ ሰው አልነበረም። በሀብቷ አይደለም፤ ሀብት የሚባል ነገር በዚያ ደጃፍ አልፎም አያውቅ። በሳቋ ነው እንጂ። ባሏ ሎዶቪክ የጀልባው ጦረኛ ነበር። ከጀልባው አፍንጫ ላይ ይቆምና ዓሣ ነባሪው ጀርባውን ብቅ ሲያደርግ ጦሩን ይዞ ከነሰውነቱ ይወረወርበታል፤ በእኛ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት የለም። ቤኔ ግን "ባሕር ላይ ጀግና፣ ጓሮ ውስጥ ዶሮ የምታባርረው!" እያለች ትተርበው ነበር፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀውም እሱ ነበር። ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ክሌመንስንና ከእሱ በብዙ የምታንሰውን ሮስዊታን። ጎረቤት የሚቀናበት ትዳር ነበር... ምነው እንዲህ ያለው ነገር ዕድሜው አጭር ሆነ?

ቤኔ ትምህርት ቤት የሄደችው ስሟን መጻፍ እስክትችል ብቻ ነው። ልጆቿን ግን አንድ ትልቅ ነገር አስተማረች። ከባድ ምርጫ በመጣባቸው ቁጥር "አባታችን ሆይን ቀስ ብላችሁ ድገሙ፤ ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ቁሙ። እግዚአብሔር እዚያ ጋ እየጠበቃችሁ ነው" ትላቸው ነበር። ሮስዊታ ሕፃን ሳለች የጎረቤት ዶሮ እነሱ ጓሮ የጣለችውን እንቁላል ይዛ መጥታ "እንብላው?" ብትላት፣ እሺም እንቢም አላለቻትም። "ድገሚና አንቺው ንገሪኝ" አለቻት። ልጅቷ "የዕለት ምግባችንን ስጠን" ከሚለው ስትደርስ ቀጥ አለች። እንቁላሉን አየችው። "ማማ፣ ይሄ የእኛ የዕለት ምግብ አይመስለኝም" አለች። አባትየው እስኪያስለው ሳቀ፤ እንቁላሉም ወደ ባለቤቱ ሄደ። ልጅን "ይህን አድርግ፣ ያንን ተው" ማለት ለማንም አይከብድም። ልጅን ከፈጣሪው ጋር ትቶ እጅን መሰብሰብ ግን የስንቱ እናት አቅም ነው? የእሷ ነበር።

ጀልባው ላይ አንድ ቢላዋ አለ። ጦር የገባበት ዓሣ ነባሪ ጀልባውን ከጦሩ ጋር በታሰረው ገመድ እየጎተተ ይሄዳል፤ ይዞት ወደ ጥልቁ ልውረድ ያለ እንደሆነ ገመዱን የሚቆርጥ ሰው ያስፈልጋል። ቢላዋው የሚያድረው በጦረኛው ቤት ግድግዳ ላይ ነው። የባሕሩ ወቅት በሚከፈትበት ቀን፣ አሸዋው ላይ ቅዳሴ ተቀድሶ ሲያበቃ፣ ጦረኛው በሰው ሁሉ ፊት ለሚያምነው ሰው በእጁ ይሰጠዋል። የራሱንም የጓደኞቹንም ነፍስ ሰጠው ማለት ነው። ሎዶቪክ በየዓመቱ የሚሰጠው ለታናሽ ወንድሙ ለካሮሉስ ነበር።

ያን ክፉ ቀን ጦሩ ገባ፤ ገመዱ ሲተረተር ግን የሎዶቪክን እግር ጠልፎ ባሕር ውስጥ ከተተው። ዓሣ ነባሪው እሱን እንዳንጠለጠለ ወደ ታች ጠለቀ፤ ጀልባውም በአፍንጫው ተደፍቶ ውሃ ይጠጣ ጀመር። እጅ የሚደርሰው በጀልባው በኩል ያለው ገመድ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ጋ ከተቆረጠ ጀልባው ይተርፋል፣ ሎዶቪክ ግን ከአውሬው ጋር ይሄዳል። ካልተቆረጠ ሁሉም ይሄዳሉ፤ ከእነሱም መካከል መቅዘፊያ ይዞ የተቀመጠው ክሌመንስ አለ። ካሮሉስ ቆረጠ... አምላኬ፣ የወንድምን ገመድ የሚቆርጥ ክንድ ከየት ይመጣል? እያለቀሰ ቆረጠ ይላሉ የነበሩት። የሎዶቪክ ሬሳ እንኳ አልተገኘም፤ ቤኔ የቀበረችው ሸሚዙን ነው።

ክሌመንስ ቢላዋውን ከአጎቱ ወገብ ነጥቆ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ "አጎቴ" የሚለው ቃል ከአፉ ጠፋ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ቂም የተሸከመ ጀልባ አይወጣም፤ ከቤቱ ሳይታረቅ የወጣ ሰው ባሕሩ ላይ ሌላውን ያስበላል። ወቅቱ ሲደርስ የጀልባው ሽማግሌ ገራርዱስ ምርኩዙን እየተመረኮዘ መጣ።

"የአባትህ ቦታ ያንተ ነው" አለው ክሌመንስን። "ቢላዋውንም ለወደድከው ስጥ። ብቻ አስቀድመህ ከካሮሉስ ጋር ታረቅ።"

"እሱን አውርዱትና እወጣለሁ።"

"እሱ ቢወርድ ቂምህ አብሮት ይወርዳል እንዴ? ቂሙ ያለው አንተ ጋ ነው፣ ልጄ።"

"እንግዲያው ጀልባው ይድረቅ።"

ጀልባው ደረቀ። የዓሣ ነባሪ ቋንጣ የሌለው ቤት ከደጋ ሰዎች በቆሎ የሚለውጥበት ነገር የለውም፤ የዚያ ጀልባ ቤተሰቦችና ከእነሱ ድርሻ የሚደርሳቸው ባልቴቶች ሁሉ ጾም አደሩ። ቤኔ ከባሕር ውሃ ጨው እያነጠረች፣ በራሷ ተሸክማ አቀበቱን ትወጣ ጀመር። ጨው ግን ማንም አለው፤ ጠዋት የተሸከመችውን ይዛ የምትመለስበት ቀን ይበዛል። ማታ የሽፈራው ቅጠል ቀቅላ ለልጆቿ ታቀርብና "እኔ መንገድ ላይ በልቻለሁ" ትላለች። መንገድ ላይ ማን ሊያበላት? ያን ጊዜ ነው ሳሉ የጀመራት፤ መጀመሪያ ደረቅ ሳል፣ ኋላም ደም የቀላቀለ።

ክሌመንስ እናቱ ስትመነምን እያየ መቋቋም አልቻለም። አንድ ቀን ከጨው ሸክሟ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስታለከልክ አገኛት።

"ማማ፣ ታርቀናል ብዬ ለሽማግሌው ልንገረው። በአፌ ብቻ። ማን ልቤን ከፍቶ ያያል?"

"በረሃብ ነው ይህን የምትለው?"

"ባንቺ ነው እንጂ! እግዚአብሔር ያበላናል ትያለሽ። የታለ ያበላን?"

ቤኔ የጨው ሸክሟን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። "ነገ ምን እንደምንበላ አላውቅም" አለችው። "ግን እየዋሸን ወጥተን ያመጣነውን ሥጋ ቆርሼ ለሮስዊታ አላጎርሳትም። ደግሞ አንተን ብቻ አልቆጣም። ማታ ስንጸልይ የት ጋ እንደምቆም አልሰማህም?"

ሰምቷል። አባቱ ከሞተ ጀምሮ እናቱ "እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" ከሚለው ስትደርስ ድምፅዋ ይጠፋ ነበር። ዘልላ አታልፈውም፣ አትለውምም። ልጆቿን ይዛ በዝምታ ትቆምና "ለዛሬ እዚህ ድረስ ነው የቻልኩት" ብላ ታማትባለች። ስንቶቻችን ነን በየቀኑ ያንን ቃል እንደ ዘፈን አዝማች የምናንበለብለው! እሷ ግን ሊዋሽ በማይገባው ፊት አልዋሸችም፤ ልጆቿ ከስብከት ሁሉ በላይ ያ ዝምታዋ አስተማራቸው።

ታዲያ አንድ ጠዋት የጨው ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ካሮሉስን አየችው። በባልዲ የባሕር ውሃ እየቀዳ የደረቀውን ጀልባ ያጠጣ ነበር፤ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው። ማንም አላዘዘውም። የጀልባውን አፍንጫ፣ የወንድሙ እግር ይቆምበት የነበረውን ሳንቃ፣ ለብቻው በእጁ ያረጥበዋል። ሥራውን ሲጨርስ ከቆሎ ከረጢቱ ዘግኖ መብላት ጀመረ፤ በግራ እጁ። የሰፈር ልጆች ከወዲያ ሆነው "ካሮሉስ ግራው! ቀኝህ ባለዕዳ ነው ወይ?" እያሉ ይስቁበታል። ለካስ ገመዱን ከቆረጠበት ቀን ወዲህ በቀኝ እጁ ምግብ ቀምሶ አያውቅም! ቤኔ ጨውዋን ረስታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በቤቱ ያለችውን በቆሎ ሁሉ ቀቅላ፣ ሳህኑን ይዛ ካሮሉስ ቤት ሄደች። ሰውዬው ሲያያት ከመቀመጫው ተነሥቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

"ልትረግሚኝ ከሆነ የመጣሽው፣ ሚስቴ በሌለችበት ይሁን" አለ።

"ተቀመጥና ብላ።"

ግራ እጁን ሰደደ። ቤኔ መለሰችው። ቀኝ እጁን ይዛ መዳፉን ዘረጋችና በቆሎውን አኖረችበት። ሰውየው አፉ ድረስ ማድረስ አቃተው፤ እጁን በእጇ ደግፋ አጎረሰችው። ከአንድ ሳህን በልተው አበቁ። ያን ምሽት በቤቷ ጸሎቱ ሳይቆም እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ሮስዊታ ቀና ብላ እናቷን አየች፤ ክሌመንስ ግን ጥሎ ወጣ።

"የአባቴን ገዳይ አጎረስሽ" አላት ሲመለስ።

"የአባትህን ገመድ የቆረጠው እጅ ነው አንተን ያመጣልኝ" አለችው።

የዝናቡ ጊዜ ሲገባ ቤኔ ከአልጋ ዋለች። ጎረቤቶች ሾርባ ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ ለሮስዊታ ታሳልፋለች። ክሌመንስ ከራስጌዋ አልተለየም። የእናቱ ጉንጭ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ያ ሁሉ እልሁ ቀለጠና ተንበረከከ።

"ማማ፣ ይቅር በለው በይኝ። አንቺ ካልሽኝ አሁኑኑ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።"

ስንት እናት ናት በዚህች ሰዓት "አዎ ልጄ" የማትል? ቃሉ አፏ ላይ ነበር፤ ደስ ብሏት ትሞት ነበር። ቤኔ ግን ራሷን ነቀነቀች።

"አልልህም። ለእኔ ብለህ ያደረግከው እንደሆነ ከእኔ ጋር ይቀበራል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"መንገዱን ታውቀዋለህ። እኔ አልደርስበት ይሆናል... እግዚአብሔር ግን አይቸኩልም።"

ዝናቡ ሳያባራ አረፈች። መቃብሯን የቆፈረው ካሮሉስ ነበር፤ ክሌመንስም አላባረረው፣ አላናገረውም። የልጇን እርቅ ሳታይ፣ ይሆናል ብላ ብቻ አምና ሄደች። እንዲህ ያለ እምነት ለማን ተሰጠ? እኔ በዕድሜዬ ሌላ አላየሁም።

ወንድምና እህት ብቻቸውን ቀሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሮስዊታ ሻማውን አብርታ "አንተ ነህ እንግዲህ የምትመራው" አለችው። ጀመረ። እናቱ ትቆምበት የነበረው ቦታ ሲደርስ ቆመ። ልጅቷ ጠበቀች። ሻማው ቀለጠ።

"አይዞህ" አለችው በመጨረሻ። "ማማም እዚህ ጋ ብዙ ቆይታለች። እጠብቅሃለሁ።"

ክሌመንስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያቺን ቃል እንቢ የሚለው ትንፋሽ ራሱ፣ ያን ቀን ገመዱ ባይቆረጥ ኖሮ ባሕር ውስጥ ይቀር የነበረ ትንፋሽ መሆኑ ገባው። እስከዚያ ድረስ አባቱን ያሳጣውን እጅ እንጂ እሱን ያተረፈውን አይቶት አያውቅም ነበር።

ወቅቱ በተከፈተበት ቀን መንደሩ በሙሉ አሸዋው ላይ ነበር። ቅዳሴው አበቃ። ክሌመንስ ከቤቱ ግድግዳ ያወረደውን ቢላዋ ይዞ ወደ ሰዉ መካከል ገባ። ሽማግሌው ገራርዱስ ምርኩዙን አጥብቆ ያዘ። ክሌመንስ ወጣቶቹን አለፈ፤ የእናቱን ዘመዶች አለፈ፤ ከሁሉ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ከቆመው ካሮሉስ ፊት ደረሰና ቢላዋውን ዘረጋለት።

ካሮሉስ አላመነም። ቢላዋውን አየ፣ የወንድሙን ልጅ አየ፤ ከዚያም ግራ እጁን ሰደደ።

"በቀኝህ ያዘው፣ አጎቴ" አለ ክሌመንስ።

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ጮኻ ስታለቅስ ሌሎቹ ተከተሏት። ካሮሉስ ቀኝ እጁን አወጣ፤ ክሌመንስም ቢላዋውን ከመዳፉ ላይ አኑሮ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈለት።

"ያ ቀን በእኔ ላይ ከመጣ ቁረጠው" አለው። "እንዳታመነታ። ይቅር የምልህ ያኔ አይደለም፤ ዛሬ ነው።"

ሽማግሌው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ያየነው ያን ቀን ነው። ጀልባው አሸዋውን ለቆ ወጣ፤ የጠጣው ውሃ ጠቅሞት አንድም ሳንቃ አልተሰነጠቀም። ሮስዊታ የእናቷን ቀሚስ ለብሳ ከውሃው ዳር ቆማ፣ እስኪሰወሩባት ድረስ ያንኑ ጸሎት ደጋግማ አደረሰች።

ያን ቀን ዓሣ ነባሪ መቱ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። አልመቱም፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሥጋው የመጣው ኋላ ነው፤ የባልቴቶቹም ድርሻ በየደጁ ደረሰ። የሰው ልጅ ዕጣው ምን እንደሚሆን ገመዱ እስኪወጠር ድረስ አያውቅም። ቤኔም አላወቀችም። ለልጆቿ ያወረሰችው ነገር ቢኖር ያቺ የጸሎት መንገድ ብቻ ነበረች፤ እነሱም ጀልባው ባዶውን በተመለሰበት ማታ፣ ዳሱ ካስገቡት በኋላ ከአጎታቸው ጋር ሦስት ሆነው ከአንድ ሳህን በሉ።