«ስሟን ግን አልሸጥኩልህም»

ኩራዙን ዝቅ አድርጉት። ጋዙ ለነገም ያስፈልገናል፣ ደግሞም ይኼ ነገር በብርሃን አይወራም። በሩ አጠገብ ያላችሁ ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ። ስንሻው፣ አንተ አትሳቅ። አያትህ ይህን ሲያወሩ አልሳቁም፤ አንተ ከየት አመጣኸው?

ሰዓቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። መንገዱ የውሃ መንገድ ነው። የምድር መንገድ ቢሆን እግር ይሮጣል፣ ዛፍ ይገኛል፣ የሰው ቤት ውሻ ይጮሃል። ውሃ ላይ ወዴት ይሮጣል? ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ሐይቅ ነው፣ ከላይ ሰማይ ነው፣ በመካከሉ አንዲት ጀልባ አለች፣ ጀልባዋ ላይ አንድ ሰው አለ። ለብቻው። ለብቻው ነው አልኩ? ቆዩ፣ እንደርስበታለን።

የሰውየውን ስም አልነግራችሁም። አትጠይቁኝ። ሰውየው እያልኩ እሄዳለሁ፣ እናንተም በዚያው ተከተሉኝ። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታውቁታላችሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ባላወቅነው ትላላችሁ።

ሰውየው የቀዛፊ ልጅ ነው። አባቱ ታከለ ዕድሜ ልኩን የሰው ታንኳ ሲቀዝፍ ኖረ። የሰው እህል አሻገረ፣ የሰው ሙሽራ አሻገረ፣ የሰው ሬሳ አሻገረ። የሞተ ዕለት ጥሩምባ ነፊው ምን ብሎ ለፈፈ መሰላችሁ? «የእነ እገሌ ቀዛፊ ሞቷልና ቀብር ውጡ» አለ። ስሙን አልጠራውም። ስሙን አያውቀውማ። ልጁ ይህን በጆሮው ሰማ። ያን ቀን አላለቀሰም፣ ተናደደ እንጂ። ከዚያ ወዲያ የሳቀበት ቀን ካለ እኔ አልሰማሁም። ንዴቱን ይዞ ተኛ፣ ንዴቱን ይዞ ተነሣ፣ ሚስት ሲያገባም ንዴቱን ይዞ አገባ።

አንድ ቀን የራሴ ጀልባ ይኖረኛል፣ የአባቴ ስም በሐይቁ ዳርቻ ሁሉ ይጠራል አለ። ክፉ ሐሳብ ነው? አይደለም። እኔም ብሆን እለው ነበር።

በዚያ ዘመን በዚያ መንደር ያለው ሁሉ ከሐይቁ ዳር ሣር የታሰረ የደንገል ታንኳ ነው። የደንገል ታንኳ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ በወራት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ለሚበሰብስ ነገር ደግሞ ስም የሚያወጣ የለም። የእንጨት ጀልባ ግን ከሰው ዕድሜ ጋር ትሄዳለች። ስለዚህ ስም ይወጣላታል። በመንደሩ የነበረችው የእንጨት ጀልባ አንዲት ብቻ ናት፣ የአባ ካሴ ጀልባ። ስሟ አንጓች ነው።

አንጓች ማን ናት? የአባ ካሴ ልጅ ናት። ገና ለጋ ሳለች ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ሐይቁ ወሰዳት። ፈለጓት፣ አላገኟትም። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ትሉ የለ? መቃብር የሌላትስ፣ ስሟ የት ይዋል? አባ ካሴ ዋንዛ አስቆርጠው ጀልባ አሠሩ። መሪጌታው ፊደሉን በከሰል ጻፉላቸው፣ እሳቸው በገዛ እጃቸው በጋለ ብረት የጀልባዋ የፊት ጫፍ ላይ ተኮሱት፦ አንጓች። ከዚያ በኋላ በዚያች ጀልባ ተሳፍሮ የሰጠመ ሰው የለም።

ዘመን አለፈ፣ አባ ካሴ አረጁ፣ ክንዳቸው ዛለ። ሰውየው በሬዎቹን ሸጠና ጀልባዋን ገዛ። ሽማግሌው መቅዘፊያውን ሲያስረክቡት ያሉት ይህን ነው፦

«ጀልባዋን ሸጬልሃለሁ። ስሟን ግን አልሸጥኩልህም።»

ወጉን ነገሩት። እሱም ያውቀዋል፣ ሐይቅ ዳር የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል። የጀልባ ስም የሚለወጠው የስሙ ወገን፣ የባለ ስሙ ዘመድ፣ ባለበት ነው። ጀልባዋ ተጎትታ ደረቅ መሬት ላይ ትወጣለች። የስሙ ወገን ማልዶ ይወርዳል፣ ስሙን ይጠራል፣ «ነይ፣ ቤት እንግባ» ይላል፣ ወደ ኋላ ሳይዞር እየጠራ እስከ ቤቱ ይሄዳል። እቤት ደግሞ ስሙን የሚቀበል ሕፃን መኖር አለበት። ስም ሜዳ ላይ አይጣልም። አባ ካሴም የወንድ ልጃቸው ሚስት ነፍሰ ጡር ናትና እስክትወልድ ታገሠኝ፣ ከዚያ በኋላ የወደድኸውን ስም አውጣላት አሉት።

ሰውየው እሺ አለ። በአፉ ነው እሺ ያለው።

ማታ ማታ ጀልባዋን ሲያስር ሽማግሌው በምርኩዛቸው እያዘገሙ ይወርዳሉ። ጀልባዋን ዳሰስ ዳሰስ ያደርጓታል። «አንጓችዬ እንዴት ዋለች?» ይሉታል። አንተስ እንዴት ዋልክ ያሉት ቀን የለም። ጀርባው ላይ ላቡ ሳይደርቅ፣ እጁ በመቅዘፊያ ተልጦ፣ አንጓች ደኅና ዋለች ይላል። ንዴቱን ዋጥ ያደርጋል። የሚዋጥ ንዴት የት ይገባል? የትም አይገባም፣ እዚያው ይከርማል።

የገበያ ቀን መጣ። ማዶ ያለው ሕዝብ ጀልባዋን ከሩቅ ሲያይ፣ አንጓች መጣች፣ አንጓች መጣች እያለ ወደ ዳር ጎረፈ። ሰውየው ጥርሱን ነከሰ። እኔስ የት ሄጄ? ላቤስ የት ሄዶ? ጫነ፣ አሻገረ፣ ተመልሶ ጫነ። መጨረሻ ላይ አንድ እንግዳ ነጋዴ ጓዙን አውርዶ ሲያበቃ ወደ እሱ ዞረ።

«አንተ ቀዛፊ» አለው። «ባለቤቱ የት አለ?»

አያችሁት? ሰይፍ ቢመዝበት ይሻለው ነበር።

ሚስቱ ብርጓል መጥረቢያ ሲስል አገኘችው። ፊቱን አይታ ነገሩ ገባት። ተው አለችው። የአባ ካሴ ምራት ወሯ ገብቷል፣ ዛሬ ነገ ትወልዳለች፣ ትንሽ ብትታገሥ ምን ይቀርብሃል አለችው።

«አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ታገሠ» አላት። «ምን አገኘ?»

 እውነቱን ነዋ። ይኼ ነው እኔን የሚያናድደኝ። ሌባ ቢሆን፣ ግፈኛ ቢሆን፣ ይበለው ብዬ እተኛ ነበር። እውነቱን ይዞ ነው ገደል የገባው።

በጨረቃ ወረደና ስሙን ጠረበው። ፊደሉ እየተፈለጠ ውሃው ላይ ወደቀ። ፍልጡ መንሳፈፍ ነበረበት፣ እንጨት ነዋ። አልተንሳፈፈም፣ እንደ ድንጋይ ሰጠመ። ሰውየው አየ፣ እንዳላየ ሆነ። ለዚህ ቀን ብሎ ፊደል ለምኖ ተምሮ ነበር። ብረቱን አግሎ የአባቱን ስም ተኮሰበት። ታከለ።

ሲነጋ መንደሩ አየ፤ አባ ካሴ ብቻ ያን ሰሞን ጉልበት ከድቷቸው ዳር አልወረዱም። ሽማግሌዎቹም አዩ። ወጉን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው አንድ እንኳ፣ ጀልባዋን አሁኑኑ ከውሃ አውጣ፣ ሄደህ አባ ካሴ እግር ላይ ውደቅ ያለው የለም። ምን አገባኝ አሉ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደየቤታቸው ገቡ። እኔ ኋላ ከመጣው መንፈስ ይልቅ የምናደደው በእነሱ ነው። መንፈስስ ሥራው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምን ሆነ? ጀልባዋ ወደ ፊት ዘመመች። ፊት ላይ ሰው የለም፣ ዕቃ የለም፣ ግን ሰው የተቀመጠበት ያህል ወደ ውሃው ጎንበስ አለች። አብሮት የሚቀዝፍ ሙጨ የሚባል ጎረቤት ነበረው። ሙጨ ይህን አየና፣ ፊት ላይ የጫንነው ነገር አለ እንዴ ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ዝም ብለህ ቅዘፍ ብሎ ተቆጣው።

በማግሥቱስ? በማግሥቱ የፊት መቀመጫው ረጥቦ ተገኘ። ሰውየው በጨርቅ ጠረገው። ዞር ብሎ ሲያይ ርጥብ ነው። እንደገና ጠረገው። ርጥብ ነው። አናት የሚበሳ ፀሐይ ወጥቶ፣ የጀልባዋ ጣውላ ሁሉ ደርቆ እየተንጣጣ፣ ያ መቀመጫ ብቻ ርጥብ ነው። ሙጨ መቅዘፊያውን አስቀመጠ። እኔ የልጆች አባት ነኝ አለና ወረደ፤ ዞሮም አላየ።

በሦስተኛው ቀን ብርጓል በር ላይ ቆመች። ሙጨ ካልሄደ አንተም ቅር፣ ለብቻህ ሐይቅ አትግባ አለችው። የተናደደ ሰው ምክር ይሰማል? ይሰማል፣ ግን ገልብጦ ነው የሚሰማው። አትሂድ ሲሉት ሂድ የተባለ ይመስለዋል። ገፍቷት ወጣ። እሷም ከኋላው፣ እንግዲያው ሲመሽ ዳር ቆሜ ስምህን እጠራለሁ፣ በድምፄ ና፣ እንዳልሰጋም አቤት በለኝ አለችው።

ሄደ። ለብቻው።

ማዶ አድርሶ ሲመለስ ለዓይን ያዝ አደረገ። ነፋስ የለም። ወፍ የለም። ውሃው ተኝቷል። ይቀዝፋል፣ ጀልባዋ ትዘማለች። ይቀዝፋል፣ ትዘማለች። ቀና ብሎ አላየም። እናንተ ብትሆኑ ታያላችሁ? ዓይኑን እግሩ ላይ ተከለ። እግሩ አጠገብ ውሃ ጠብ አለ። ጀልባዋ ታፈስሳለች? አታፈስስም። ጠብታው የሚመጣው ከላይ ነው። ሰማዩ ደግሞ ጥርት ያለ ነው። ጠብ። ጠብ።

ቀና አለ።

የፊት መቀመጫው ላይ ጀርባዋን የሰጠች ልጅ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ተፈቷል፣ ውሃ ይወርደዋል። እጇን በጀልባዋ ጫፍ ወደ ውጭ ሰድዳ፣ ስሟ የነበረበትን ቦታ በጣቷ ትዳብሳለች። ትዳብሳለች፣ ታጣዋለች። ትዳብሳለች፣ ታጣዋለች።

«እዚህ ነበረ» አለች። አልጮኸችም። «ማን ወሰደው?»

ያን ጊዜ እንኳ ቢፈራ፣ ጥፋቴ ነው ብሎ ቢወድቅ፣ አባትሽ ሊጠሩሽ ነው ታገሺ ቢላት፣ ይተርፍ ነበር። አልፈራም። ተናደደ። ጀልባዬ ናት፣ በሬዎቼን ሸጬ የገዛኋት ናት፣ ውረጂልኝ አላት።

«እሺ፣ እወርዳለሁ» አለች። «ግን እኔስ ማን ልባል?»

«የፈለግሽውን ተባዪ» አላት። «የፈለግሽውን ውሰጂና ሂጂልኝ።»

ውሰጂ አላት። ሰማችሁ? በገዛ አፉ። ልጅቱ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። ፊቷ ምን ይመስላል ብላችሁ አትጠይቁኝ። ደስ ያላት ትመስል ነበር፣ ይኼ ይበቃችኋል።

ያን ጊዜ ከዳር በኩል የብርጓል ድምፅ መጣ። ስም ትጠራለች። ሰውየው የሚስቱን ድምፅ ለየ፣ ልቡ መለስ አለለት፣ ወደ ድምፁ ቀዘፈ። ደግማ ጠራች። ግራ ገባው። ማንን ነው የምትጠራው አለ በልቡ። ሰልሳ ጠራች። ይህን ስም የት ነው የማውቀው አለ። አፉን ከፈተ፣ አቤት ሊላት ፈለገ። ግን በሰው ስም ማን አቤት ይላል?

ከፊት መቀመጫው ልጅቱ መለሰችላት።

«አቤት» አለች።

ጀልባዋ ዳር ደረሰች። ብርጓል ባሏን ብቻውን፣ በሕይወቱ፣ መቅዘፊያውን እንደ ያዘ አገኘችው። ስሙን ጠራችው፣ አልዞረም። እጁን ይዛ ጠራችው፣ ማንን ነው የምትፈልጊው አላት። ጎትታ ወደ ጀልባዋ ጫፍ ወሰደችው፣ የተኮሰውን ስም በጣቷ አሳየችው። ታከለ ማን ነው አለችው። አላውቀውም አላት። ሌላውን ሁሉ ያስታውሳል፤ ይህን ሁሉ ያወራውም እሱ ራሱ ነው። የራሱን ስምና የአባቱን ስም ብቻ አያውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። የአባቱን ስም ሊያስጠራ ወጥቶ የማን ልጅ እንደሆነ ጠፋው።

በዚያው ሰሞን የአባ ካሴ ምራት ወለደች። ሴት ልጅ ናት። ሽማግሌው ማልደው ወረዱ፣ ውሃው ዳር ቆሙ፣ «አንጓች፣ ነይ፣ ቤት እንግባ» ብለው ጠሩ። ውሃው ዝም አለ። ጠሩ። ዝም አለ። ከእንግዲህ አንጓች አትባልማ። ሌላ ስም ይዛለች፤ የራሷ አይደለም፣ ግን ይዛዋለች። ፀሐይ እስኪጠልቅ ጠርተው ጠርተው፣ ወደ ኋላቸው እየዞሩ ለብቻቸው ወደ ቤት ወጡ። ልጃቸውን ሁለተኛ ጊዜ ተቀሙ።  ጥቂት ቀን ብቻ ነበረ የቀረው። ጥቂት ቀን።

ስሙን የማልነግራችሁም ለዚህ ነው። ከመሸ በኋላ፣ እንደዚህ ቤት ውሃው በሚሰማበት ቦታ፣ ያ ስም ከተጠራ የሚመልስ አለ። የሚመልሰውም ሰውየው አይደለም።

በሉ፣ ተረት ሲያልቅ ተረቴን መልሱ ይባላል። ይህን አትመልሱልኝ፣ አልፈልገውም፣ ይዛችሁት ሂዱ። ግን ለብቻችሁ አትሂዱ። እጅ ለእጅ ተያያዙ። መንገድ ላይ የሚጠራችሁ ቢኖር ቶሎ ብላችሁ አቤት አትበሉ፤ መጀመሪያ የተጠራው ስም የእናንተ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ።

ስንሻው፣ አሁንም ትስቃለህ? አያቴ ስሙን ነግረውኛል ነው የምትለው? እውነትህን ነው፣ አያትህ ያውቁት ነበር። አውቀህ ዝም በል። አትጥራው። ስንሻው፣ አትጥራው አልኩህ።

ጠራኸው።

ዝም በሉ ሁላችሁም። ማን ነው አሁን አቤት ያለ? ከእናንተ መካከል አይደለም? ኩራዙን ከፍ አድርጉት። ስንሻው፣ እንዳትነቃነቅ። ከጎንህ ያለው መደብ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ለምንድን ነው የረጠበው?