ጄኔራሉ የተሸለመበት ምክንያት

«ግን ለምን ሸለሙት?» አሉ መምህር ገብረየስ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

ሣባ በእጇ የጻፈቻቸው አራት ገጾች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ከሦስት ቀን በፊት እኚሁ መምህር አንዲት መስመር ሳያነቡ «ታይቷል» ብለው ፈርመውባቸዋል፤ የክፍሉ ጎበዝ ተማሪ እሷ ናት፣ ምን ሊነበብ? ለሜይ ዴይ በዓል የሚወጣው የግድግዳ ጋዜጣ ነገ ሊለጠፍ፣ ዛሬ ማንበብ አማራቸው።

ታሪኩ ሰባት ከዋክብትን ስለሚገዛ የጠፈር መንግሥት ነው። የጦር አዛዡ ጄኔራል ዞርማን ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ዙፋኑ ላይ ጉብ ይላል። በማግሥቱ የመንግሥቱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ትልቁን ኒሻን ይሸልሙታል። በዚሁ ያልቃል።

«ምክንያት ጨምሪበት» አሉ። «ረሃብ አጠፋ በይ። ሕዝቡ ወደደው በይ። ሁለት መስመር ይበቃል።»

«አላጠፋም እኮ ቲቸር። ገና ትናንት ነው ዙፋን ላይ የወጣው።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የፈጠርሽው?» ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ይሄ ሽማግሌ፣ ንጉሡ ሲወርድ አልቅሶ፣ በማግሥቱ ኒሻኑን ሲያደርግለት መርፌው ጣቱን የሚወጋው፣ ከየት አመጣሽው?»

«ከራሴ» አለች። ፊቷ ጋለ።

«ፊርማው የእኔ ነው፤ እሱን እኔ እችለዋለሁ። ሽማግሌውን ግን ሰው እንዳያውቀው እፈራለሁ። እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት።»

ከትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ኦሎምፒያ ሰፈር ሲወርዱ፣ በገጾቹ ዳር ሮኬቶቹን የሣለችው ጓደኛዋ ሐሚዳ ነገሩ ሰለቻት። «ሁለት መስመር ጨምሪና ተገላገይ። ፋራ አትሁኚ።»

«ወደዱት ካልኩማ ውሸት ሆነ።»

«እሺ፣ እውነተኛውን ምክንያት ጻፊ።»

«አላውቀውም!» አለች ሣባ። ያንገበገባትም ይኸው ነው። ሽማግሌዎቹ ሲሸልሙት ቁልጭ ብሎ ይታያታል፤ ለምን እንደሸለሙት ግን ራሷም አልገባትም። ተናደደች፤ በቲቸርም፣ በጄኔራሉም፣ በሐሚዳ ሮኬትም።

ቤት ስትደርስ አባቷ አቶ ጉግሳ መዶሻ ይዘው ሳሎን ቆመዋል። ቀበሌው ለበዓሉ ያደለው የሊቀመንበሩ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተንጋዷል። እሑድ ሲሰቅሉት መዶሻው የመታው አውራ ጣታቸው አሁንም በጨርቅ እንደታሰረ ነው። ንጉሡ መውረዳቸው በሬዲዮ የተነገረ ዕለት እኚህ ሰውዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ማልቀሳቸውን እናቷ ነግራታለች። አባቷ ራሳቸው አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም።

«ሣብዬ፣ እንኳን መጣሽ። ኮሚቴው ዛሬ በየቤቱ እየዞረ ያያል አሉ። ወንበሩን ያዢልኝ፤ አንድ እግሩ አጥሮ ይወዛወዛል።»

ቦርሳዋን አላስቀመጠችም። «አባባ፣ ለምንድን ነው የሚሰቅሉት?»

አቶ ጉግሳ ወደ መስኮቱ አዩ። ሄደው ዘጉት። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች፤ አልተቆጡም።

«አንቺ ትምህርት ቤት ነሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ወንድምሽም አለ። እኔ ብቻዬን ብሆን...» ቀሪውን ተዉትና ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሳቡ።

ሣባ ምክንያቱን አገኘችው። ሁለት መስመር እንኳ አይሞላም፤ ግን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ አይደለም። አሁንም ተናዳለች፤ በማን እንደሆነ ግን ጠፋት። ነገ ጠዋት ለቲቸር ጽሑፉ ጠፋብኝ ትላቸዋለች። እሳቸውም ሁለተኛ አይጠይቋትም።

አራቱን ገጾች ከቦርሳዋ አወጣች። ከነፊርማው፣ ከነሮኬቱ ደጋግማ አጠፈቻቸውና ባጠረው የወንበር እግር ሥር ወሸቀቻቸው። ወንበሩ መወዛወዙን ተወ።

አባቷ ወንበሩ ላይ ወጡ። በሁለት እጇ ወንበሩን ያዘች።

«ቀና አለ?»

«ትንሽ ወደ ግራ፣ አባባ።»