አሞሌው ይራገፍ፣ ሰው ይጫን

«ውደቂ እንጂ» አለ ሂሻም ስልኩን እንደደገነ። «ቲቸር ጀምሩ ብለዋል እኮ።»

የምስራች አልወደቀችም። መንገዱ ዳር ያለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ጋቢዋን ወደ አገጭዋ ሰበሰበች።

ዚክራ በቅሎዋ ላይ ሆና ጠበቀቻት። ከጠዋት ጀምሮ ነጋድራስ ናት፤ የቅፍለቱ አለቃ። የትምህርት ቤታቸው የታሪክ ክበብ የድሮዎቹን ሲራራ ነጋዴዎች ጉዞ ላሳይ ብሎ፣ ሃያ ሁለት የስምንተኛ ክፍል ልጆች፣ ሦስት በቅሎና ስድስት አህያ ይዞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ተያይዞታል። ግማሾቹ ቁርስ እንኳ በቅጡ አልቀመሱም። የኮምቦልቻ ሙቀት አታሏቸው ሹራባቸውን አውቶቡስ ውስጥ ጥለውት፣ ይኸው ሐረጎ ዳገት ላይ ጉሙ ሲወርድባቸው ጥርሳቸው መንገጫገጭ ጀምሯል። ያዙ ሲባሉ መቼ ይሰማሉ።

ድራማውን የጻፈችው ራሷ ዚክራ ናት። ታሪኩም የቤታቸው ነው። ቅድመ አያቷ ጨው ጭነው ከአፋር በረሃ ሲመለሱ አንድ ጫኝ ታሞ መንገድ ላይ ይወድቅባቸዋል። «አሞሌው ይራገፍ፣ ሰው ይጫን» ብለው የአንዲት በቅሎ ሙሉ ጨው ሜዳ ላይ ጥለው ሰውዬውን ይዘውት ገቡ። አባቷ አብዱልሐሚድ፣ ዒድ በመጣና ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይህን ሳያወራ አይነሳም። የምስራች የምትሠራው ያንን በሽተኛ ነው።

መውደቂያው ከፍ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ነበር የታሰበው። ጉሙ ሲመጣ ግን መምህር አራጋው «ጭራሽ ሳይሸፍነን እዚሁ እንቅረጸው» አሉ። እዚሁ ያሉት ኩርባው ላይ ነው።

«አታካብጂ አቦ፣ በረደን» አለ ሂሻም።

«በቅሎ ዳገት ላይ ሰው ተሸክማ አትገተርም» አሉ የበቅሎዎቹ ባለቤት ጋሽ አግማስ። «ወይ ውረጂላት ወይ ንጂ፣ ልጄ።»

ዚክራ ወረደች። ጥምጣሟን አስተካክላ ተንበረከከችና እንደተለማመዱት የጓደኛዋን ክንድ ያዘች። «አሞሌው ይራገፍ...»

«አልጫንም» አለች የምስራች።

«ምን ሆነሻል? የምር አመመሽ እንዴ?»

«እዚህ ጋ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አያቴ የተቀመጠችው። ከዚያ አልተነሳችም።»

ዚክራ ክንዷን ለቀቀች። የጓደኛዋ አያት በጦርነቱ፣ በመፈናቀሉ ጊዜ እንደሞቱ ታውቃለች። የት እንደሞቱ ግን ጠይቃ አታውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው።

«ያን ጥቅምት፣ ከደሴ ሰው ሁሉ ሲወጣ» አለች የምስራች ዓይኗን አስፋልቱ ላይ ተክላ፣ «የእናንተ አይሱዙ መንገዱ ተጨናንቆ እዚህ ኩርባ ላይ ቆመ። ሮጬ መስኮቱን መታሁት። አያቴን ብቻ ይጫኑልኝ አልኳቸው አባትሽን። ‹እቃ ነው የጫንነው ልጄ፣ ሰው አንጭንም› አሉኝ። ልጄ ብለው ነው ያሉኝ።»

«ድራማውን ስንለማመድ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አባትሽ ናቸው። ደግሞ አንቺ ምን አጠፋሽ? ተኝተሽ ነበር።»

ዚክራ ፊቷ ጋለ። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤት እንደተከፈተ፣ ገና ማንም ሳይጠይቃት፣ «እኔ እንኳ ጭነቱ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ማንንም አላየሁም» ብላ ነበር። የምስራችም አመነቻት።

እንቅልፍ የሚባል አልወሰዳትም። ከአባቷ ሱቅ የወጣው የጨርቅ ጣቃ ላይ ተቀምጣ የምስራች በስሟ ስትጠራት ሰምታለች። ሁለት ጊዜ። ሸራውን ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች። የተቀመጠችበት ጣቃ ቢወርድ ቦታው ለአንዲት ቀጭን ባልቴት እንደሚበቃ፣ ልጅም ብትሆን፣ ያኔም ታውቅ ነበር።

አሁን ዝም ማለት ትችላለች። ትንሽ ብትታገስ የምስራች ትነሳለች፤ በቅሎዋ ላይ ትወጣለች፤ ሂሻም ይቀርጻል። ደሴ ሲገቡ አባቷ ከእንግዶቹ ጋር ቆሞ ያጨበጭባል። የሚጠይቃት የለም።

መምህር አራጋው ከኋላ እያለከለኩ ደረሱ። «ነጋድራስ፣ ምንድን ነው መገተሩ? ወላጆች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደሴ ይጠብቁናል።»

«አንዴ ይታገሱን ቲቸር» አለችና ዚክራ ፊቷን ወደ ጓደኛዋ መለሰች። «አልተኛሁም ነበር።»

«እ?»

«ያን ቀን። ወላሂ አልተኛሁም። ስትጠሪኝ ሰምቻለሁ። ሸራውን ፊቴ ላይ ሳብኩት።»

የምስራች አየቻት። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ልብስ የምትመርጥ ይመስል ከጥምጣሟ እስከ ጫማዋ አየቻት። ከዚያ ተነሳች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ ወደ ደሴ ሳይሆን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ መራመድ ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አሉ መምህር አራጋው። «በዚህ ጉም ብቻዋን? ኧረ አንድ ሰው ይያዛት፣ መኪና አለ እኮ።»

ዚክራ የበቅሎዋን ልጓም ለጋሽ አግማስ ሰጠቻቸው። «ይዘዋት ይሂዱ፣ ጋሼ።»

«እንዴ፣ ነጋድራስ የሌለው ቅፍለት ምን ሊባል ነው?» አለ ሂሻም። «ወላጆችሽን ምን እንበላቸው?»

«ለአባቴ የት ጋ እንደቀረሁ ንገረው» አለች። «ኩርባውን ያውቀዋል።»

መምህሩ ባጃጅ ለመጥራት ስልካቸውን ሲነካኩ እሷ ቁልቁለቱን ጀመረችው። የምስራች አስር እርምጃ ያህል ትቀድማታለች፤ አንድም ጊዜ አልዞረችም። ዚክራም አልጠራቻትም፤ እርምጃዋንም አላፈጠነችም። ከታች መኪና ሲመጣ ብቻ ወደ አስፋልቱ ወጣ እያለች፣ ሾፌሩ እንዲያያቸው እጇን ከፍ ታደርግ ነበር።