ሁለት አስ ይዞ የጣለው

ሰው በፍቅር ሲያፍር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ የመነጽር ሠሪውን ጉድ ስሙ።

ሱቁ ከፋርማሲው ፊት ለፊት ነው፤ መሃላቸው አንድ ጠባብ ኮሪደር ብቻ። የራስ ምታት መድኃኒት ሊገዛ የገባ ቀን ፋርማሲስቷ ስልኳ ላይ ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ስትጫወት ደረሰባት።

«እኔም እጫወታለሁ!» አላት። ምን አጣደፈው!

ከዚያ ወዲህ የሕንፃው ሠራተኞች በምሳ ሰዓት በየስልካቸው ሆነው፣ እንዲያው ለነጥብ ብቻ በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ ገባ። እሷ ታሸንፋለች፣ እሱ ይሸነፋል። ከዚያ ኮሪደሩን ተሻግራ መጥታ ትስቅበታለች፤ እሱ በደስታ ይሞታል።

አንድ ቀን ጠራችው። ላፕቶፗን ባንኮኒው ላይ ከፍታለች።

«ውድድር ልገባ ነው። ጨዋታዬን የሚመረምርልኝ ሶፍትዌር ምረጥልኝ።»

«ይኼኛው ለካሽ ጌም፣ በገንዘብ ለሚጫወቱት ነው» አላት። «እዚያ ያስያዝሽው ቢያልቅ ሌላ ሞልተሽ ትቀጥያለሽ። ውድድር ላይ ግን ካለቀብሽ መውጣት ነው። ስለዚህ ያኛው ይሻልሻል፤ መቼ መድፈር፣ መቼ መጠበቅ እንዳለብሽ ያሳያል።»

«በል የኛን ጨዋታ አስገብተን እንሞክረው። የሁላችንም ካርድ ተመዝግቦ የለ!»

ክው አለ። «የኛን?... የሌላ ሰው ብናስገባስ?»

«አትፍራ፣ አልስቅብህም።»

የሱን ገጽ ከፈተችው። ፕሮግራሙ ስህተቱን በቀይ ዘረገፈው። ከሁሉ የሚበልጠውን ካርድ፣ ሁለት አስ ይዞ፣ ተሸነፍኩ ብሎ ጥሏል። ሦስት ኪንግ ይዞ ጥሏል። ቀዩ ሁሉ ደግሞ ከእሷ ጋር ሲጫወት ብቻ! ከሌሎቹ ጋር እኮ አንበሳ ነው።

ሒሳብ የምትቀበለው ታላቅ እህቷ አንገቷን አስግጋ አየችና በሳቅ ፈነዳች። «ውይ! ይሄ ፖከር አይደለም፣ ሌላ በሽታ ነው! እስቲ ያንቺንም ክፈቺው!»

መድኃኒት የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞረ። ፋርማሲስቷ ላፕቶፑን ድርግም አድርጋ ዘጋችው።

«ለካ እያዘንክልኝ ነው!»

«አላዘንኩልሽም፣ እኔ...»

«አንተ ምን?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሮጦ ወጣ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል። በኋላ በር እየገባ በኋላ በር ይወጣል። የደንበኛን የግራ መስታወት በቀኝ ገጥሞ ተሰደበ። በቃ፣ እሷን ለማየት ሲል ጨዋታ የገባ ሰው ከእንግዲህ ዓይኗን የሚያይበት ዓይን የለውም።

ውድድሩ ባለፈ ማግስት ራሷ መጣች።

«እንዴት ሆነልሽ?» አላት መሬት መሬቱን እያየ።

«አልሄድኩም። ይልቅ ይሄን እይ።»

ላፕቶፑን ፍሬሞቹ መሃል አስቀመጠችው። የራሷ ገጽ ነው፤ እሱም ቀይ በቀይ። የማይረባ ካርድ ይዛ ነጥቧን ሁሉ ታስይዛለች... ከሱ ጋር ብቻ።

«ታውቂ ነበር?»

«ብዙም ሳትቆይ ነው የነቃሁብህ። እንደምትለቅልኝ ሳውቅ ባዶ እጄን እደፍርህ ጀመር፤ እስከ መቼ ይችለኛል ብዬ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ውድድሩም ሰበብ ነው። ያንተ ሲጋለጥ በአፍህ ትናገራለህ ብዬ ነበር። የኔም እንደሚጋለጥ አላሰብኩም! እህቴ ክፈቺው ስትል በኀፍረት ልሞት... አንተ ላይ ጮህኩብህ። ይቅር በለኝ።»

የእሱ ጆሮ ሳይቀር ቀልቷል።

«አሁንም አትናገርም?» አለችው።

«ስለምወድሽ ነው የምጥለው።»

«አልሰማሁም።»

«ስለምወድሽ ነው!»

«እኛም ሰምተናል!» አለች እህቷ ከማዶ።

ሁለቱም ፊታቸውን ሸፈኑ። ቆይታ እጁን ከፊቱ ላይ አነሳችና ያዘችው።

«እኔም እወድሃለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ጨዋታ ላይ እንዳትራራልኝ።»

«አልራራልሽም።»

አልራራላትም። የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ነጥቧን ሙልጭ አድርጎ በላት፤ እሷም እየተሳደበች ትከሻው ላይ ተደገፈች።