የነገ በረት

በነገ በረት ውስጥ ዘመኑ ሁልጊዜ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። ከበሩ ውጪ ያቤሎ ላይ የሚያዝያ ዝናብ ሲወርድ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ገና ያልመጣ ዘመን ፀሐይ ላሞቹን ትጠብሳለች። መቁጠሪያው ላይ የተሞላውን ዓመት ሙቀት የሚፈጥር የሙከራ በረት ነው። እንግዶች ሲያዩት አፋቸውን ይይዛሉ። ዶክተር ጥሩዓለም ግን ለምዳዋለች፤ ከመስታወቱ ወዲህ ቆማ ሹራቧን እየቆለፈች የላሞቹን ትንፋሽ ትቆጥራለች።

ላሞቹ ሁለት ናቸው። ማርዬ ክልስ ናት፤ በአባቷ የፈረንጅ ዘር፣ በእናቷ ያገር ልጅ፣ ግቷ ባልዲ አምጡልኝ የሚል። ነጮ ደግሞ ጥርት ያለች የቦረና ዘር ናት፤ ሻኛዋ የቆመ፣ ቆዳዋ የላላ፣ ጠባይዋ ግትር። ወተታቸውንና ሙቀት የመቻል አቅማቸውን ካንገታቸው ማሰሪያ እያነበበ የሚያወዳድራቸው "ዳኛው" የሚሉት ማሽን ነው። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ይፈርዳል፤ መጨረሻ የወጣችውንም ዘር ከጽንስ ጎተራው፣ የላም ጽንሶች በቅዝቃዜ ከሚጠበቁበት ቤት፣ ያስወግዳል። ይግባኝ የለውም።

ማርዬን ያዳቀለቻት ጥሩዓለም ራሷ ናት። እውነቱን ለመናገር ዛሬ ልትደሰት ይገባት ነበር። ነገር ግን የነጮ ሰሌዳ ላይ "ወተት፦ ባዶ" የሚለውን ደጋግማ ታነባለች።

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለ ጂሎ ሰሌዳውን እያየ። ጂሎ የበረቱ መሐንዲስ ነው፤ ከቦረና ከብት መሐል ተወልዶ ያደገ።

"አትቀልድ። ግቷ ተወጥሮ ሊፈነዳ ነው፤ ማሽኑ ግን ጠብታ አላገኘም።"

"ይዛዋለቻ! ጥጃዋን ሳታይ መች ትለቅና።"

"የጥጃ ድምፅ አስገብተንላት የለም እንዴ?"

"እሱ ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ።" ጂሎ ራሱን አከከ። "የቦረና ልጅ ሆኜ! እናቴ ብትሰማ ከቤት ታስወጣኛለች።"

ጥጃዎቹን ያራቁት ለንጽሕና ብለው ነበር። ማርዬ ለማሽንም ሆነ ለሰው ትታለባለች፤ ነጮ ግን ጥጃዋ ቀድሞ ካልጠባ ወተቷን አታወርድም። ጥሩዓለምም ጂሎም ይህን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ማወቅና በሰዓቱ ማስታወስ ግን ለየቅል ናቸው።

ይህን ሲነጋገሩ የበረቱ ዓመት መቁጠሪያ ልጓሙን በጠሰ። ስልሳ አለ፤ ሰባ አለ። ጣሪያው ላይ ያለችው ፀሐይ ነጭ ሆነች። ማርዬ ምላሷን አውጥታ አለከለከች፤ ጉልበቷም ከዳት።

"አጥፋው፣ ጂሎ!"

"ካጠፋሁት ዳኛው እስካሁን ባየው ይፈርዳል። የነጮ ዘር አለቀለት ማለት ነው።"

"ካላጠፋኸው ማርዬ ትሞትብኛለች።"

"መቁጠሪያውን ልመልሰው እችላለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።"

ጥሩዓለም ጊዜ አላባከነችም። የነጮን ጥጃ ከጀርባ ካለው ጋጣ እየጎተተች አመጣችው።

"ሰው እንደማይገባ ታውቂያለሽ" አለ ጂሎ። "በሩ የሚከፈተው ማሰሪያ ላደረገ ብቻ ነው።"

ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ትርፍ ማሰሪያዎች አንዱን አወረደችና አንገቷ ላይ አጠለቀችው። ጂሎ ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። በሩ ተከፈተላት።

ሙቀቱ እንደ እቶን ነው። ከገንዳው ውሃ በባልዲ እየቀዳች ማርዬ ላይ ደፋች፣ ደግማም ደፋች። ጥጃው ግን እናቱን ሲያይ ገመዱን አስጥሏት ሮጠ። ነጮ አሸተተችው፤ ከዚያ ላሰችው። ግቷን በግንባሩ ጎሸም ጎሸም አድርጎ ጠባ። ጥሩዓለም ጥቂት እንዳስጠባችው አላቀቀችውና እናቱ እንድትልሰው ፊት ለፊቷ አቆመችው። የማለቢያው ማሽን ክንዱን ዘረጋ፤ ወተቱም በቱቦው ወረደ። እንደ ማርዬ አይበዛም። ቢሆንም በዚያች ፀሐይ ሥር፣ እያመሰኳች የሰጠችው ወተት ነው። ጥሩዓለም ከደስታ ብዛት አለቀሰች። ወዲያው ምድሪቱ ዞረችባት፤ የነጮ ጥላ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ጂሎ መቁጠሪያውን እስኪመልሰው እዚያው ቆየች። ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ማርዬ አንገቷን ቀና አደረገች።

እኩለ ቀን ላይ ዳኛው በዚያ ስሜት በሌለው ድምፁ ተናገረ።

"ነጮ፦ ወተቷ መካከለኛ፣ ሙቀት የመቻል አቅሟ ከፍተኛ። ትቆይ። ማርዬ፦ ወተቷ ብዙ፣ አቅሟ ዝቅተኛ። ጥላና ውሃ ባለበት ትቆይ። ሦስተኛዋ፦ ወተት አልሰጠችም፤ በላም ጥላ ተጠልላ ተርፋለች። መጨረሻ ወጥታለች፤ ትወገድ። በጎተራው ግን ዘሯ አልተገኘም።"

ጂሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ሁለቱንም አተረፍሻቸው እኮ! ቆይ፣ የሦስተኛዋን መስመር ከሰሌዳው ልሰርዘው። ስሕተት ነው።"

ጥሩዓለም አልሳቀችም። ከንፈሯ እንደደረቀ ሰሌዳውን አነበበችው።

"ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?" አለችው።

ጂሎ ደግሞ አነበበው። እጁን ከሰሌዳው ላይ አነሣ።

"እንዳለ ይቀመጥ" አለች ባልዲውን እያነሣች። "ለነገ የምታሰጋው ዘር የኛው የሰው ዘር መሆኗ ታውቋል። ሥራችንን ከእሷ እንጀምራለን።"