የወፎቹ ሳህን

አራተኛዋ ወፍ ጓሮው ውስጥ ካለው የወፎች ውኃ መጠጫ ሳህን ጠርዝ ሥር ሞታ ወድቃ ነበር። ልጅቷ ዩኒፎርሟን እንደ ለበሰች፣ ቦርሳዋን እንዳነገተች ተንበረከከች፤ ከደብተሯ አንድ ገጽ ገንጥላ ጠቀለለቻት። ከእርሳስ እምብዛም አትከብድም።

መቸኮል ነበረባት። እናቷ አያቷን በትራስ ደግፋ ወደ መስኮቱ ሳታዞራቸው መቅበር አለባት፤ ሦስቱንም የቀበረችው እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዋን ብርድ ገደላት ብላ ነበር። የቀሩትን በጎረቤት ድመት አሳበበች። ይህችኛዋ ግን ቁስል የላትም። ዐይኖቿ አብጠዋል፤ ምንቃሯ ላይ ለሐጭ ደርቋል። ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ ሳህኑ አየች። ወለሉን አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ሸፍኖታል።

አያቷ አርባ ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ ያ መስኮትና በመስኮቱ የሚታየው ሳህን ብቻ ቀርተውላቸዋል። ሳህኑን ለልጅቷ ሲያስረክቡ ያዘዟት አንድ ነገር ነው፤ ያደረውን ድፊ፣ በብሩሽ ፈትጊ፣ ከዚያ ሙዪ። ቧንቧው ግን ውኃ የሚሰጠው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ እናቷ በርሜሉን የምትጠብቀው እንደ ዐይኗ ብሌን ነው። በዚህ ላይ ፈተና ደረሰ። ያደረ ውኃ መድፋት ለልጅቷ ግፍ መሰላት። በላዩ ላይ ትጨምር ጀመረች። አያቷ መፈተጓን በጠየቁ ቁጥር፣ አዎ አለች።

ባለፈው ሰኞ ዕለት አንድም ወፍ ሳይመጣ ረፈደ። አያቷ ወፎቹ የት ሄዱ አሉ። ልጅቷ ቦርሳዋን እያነገተች ነበር።

«ሁለት አሉ'ኮ፣ አባባ። አይታዩዎትም?»

አንገታቸውን አስግገው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ሳቅ አሉ።

«እግሬ ጡረታ ወጣ፤ ዐይኔም ማመልከቻ አስገባ ማለት ነው።»

እሷም ሳቀች። ሰኞ ለመሳቅ ቀላል ነበር።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» አሁን እናቷ ከጓሮው በር ላይ ቆማለች። ልጅቷ ጥቅሉን ወደ ኪሷ ከተተች። እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከትምህርት ቤት ቶሎ እንድትመለስ፣ የአያቷን አልጋ ወደ ኋለኛው ክፍል እንደሚያስገቡት ነገረቻት። ያ ክፍል መስኮት የለውም።

«ለምን?»

«ራሳቸው ናቸው ያሉት። ለማያይ ሰው መስኮት ምን ያደርግለታል አሉ።» እናቷ የበሩን መቀርቀሪያ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ገፋችው። «ትናንት ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። እንዳትነግሪያቸው።»

እናቷ ስትገባ ልጅቷ ብቻዋን ቀረች። ጉድጓድ ለመማስ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሳህኑን ለመፈተግም እንዲሁ። ከዚያ ወፎቹ ይመለሱ ይሆናል፤ ማንም ምንም ሳያውቅ። አያቷ ግን ጨለማው ክፍል ውስጥ ይሆናሉ።

ውኃውን ደፋች። ሳህኑን ሳታጥብ ይዛ ገባች።

«ማን ነው?» አሉ አያቷ። ከአልጋው እስከ በሩ አምስት እርምጃ አይሞላም፤ ብርሃኑም ፊቷ ላይ ነበር። «ጠብታዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ሳህኑን ጭናቸው ላይ አኖረችው፤ ጥቅሉን ፈታ ከጎኑ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ ዐይንዎ ደህና ነው። ሰኞ ዕለት ወፍ አልነበረም።»

 የአያቷ ቀኝ እጅ በወፏ ላይ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ አውራ ጣታቸው የሳህኑን ወለል ዳሰሰ። አርባ ዓመት ቧንቧ ውስጥ የኖረ ጣት ነው።

«የሞቱት ስንት ናቸው?» አሉ።

«አራት።»

ከሩቅ የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ። ልጅቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።